ባርኔጣ የተቆጠረበት ቀን

የአስጎብኚ ሥራ ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አንዲት ሴት ከአውቶቡሱ ፊት ቆማ ማይክሮፎን ትይዛለች፤ ወደ ቀኝ እዩ፣ ወደ ግራ እዩ ትላለች፤ ሰዎቹም አንገታቸውን ያዞራሉ፤ አለቀ። እኔም የከተማ ጉብኝት አውቶቡስ መንዳት በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ነበር የሚመስለኝ። ምላስ ያለው ሁሉ የሚሠራው ሥራ ነው ብዬ አስብ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእሷ ጋር መደበኝና አሳቤን አስለወጠኝ።

ስሟን አልጽፍም። ስለ እሷ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት፣ «ስሜን ጽፈህ ልታስወቅሰኝ ነው ልታስመካኝ? ሁለቱም ይቅርብኝ» ብላኛለች። ሾፌሮች ሁላችንም የምንጠራት «ጃንጥላ» እያልን ነው። መቼም አስጎብኚ ሁሉ ሰው እንዳይጠፋው ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይሄዳል። የእሷ ግን ቢጫ ነው፤ አንዱ ዘንግ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ነፋስ ሲመታው እንደ ዶሮ ክንፍ ይርገበገባል። አዲስ እንዲሰጧት እንድትጠይቅ ብንወተውታትም፣ «ይሄን ሲያዩ ያውቁኛል። አዲሱንማ ማን ያውቀዋል?» ትላለች።

ሥራውን የጀመረችው ከወለል ነው። በከተማችን ውስጥ ሙዚየም የሆነ የድሮ ቤተ መንግሥት አለ። ገና ልጅ እግር ሳለች እዚያ የእንጨቱን ወለል በሰም የምታሸት ሠራተኛ ነበረች። በጉልበቷ ተንበርክካ ስታሸት ጎብኚዎች በአጠገቧ ያልፋሉ፤ አስጎብኚዎቹ የሚናገሩትን ትሰማለች። «ያን ጊዜ ከሰው የማውቀው ጫማውን ብቻ ነበር» ትላለች። «ጫማው ከዞረ ሰውዬው ሰልችቶታል ማለት ነው። ጫማው ገጥሞ ከቆመ እየሰማ ነው። አስጎብኚው ይህን ቢያውቅ እያልኩ እናደድ ነበር።» ስትናደድ ከርማ ፈተናውን ተፈተነች። ወደቀች። ዳግመኛ ተፈተነችና አለፈች። አሁንም ስለ ቤተ መንግሥቱ የማታውቀውን ሲጠይቋት አታፍርም፤ «ይህን አላውቅም፤ ጠይቄ ከሰዓት በኋላ እነግራችኋለሁ» ትላለች፤ ጠይቃም ትነግራቸዋለች።

ቤቷን አውቀዋለሁ። ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ግማሹን ቤት ይዟል፤ በቀረው ግማሽ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውና የሰው ልብስ ተጨናንቀው ይኖራሉ። አዲስ የጉብኝት መስመር ሲወጣ ልጆቿን አልጋው ላይ ደርድራ፣ ማንኪያውን ማይክሮፎን አድርጋ ትለማመዳለች። አንድ ምሽት እኔም እንግዳ ሆኜ ከልጆቹ ጋር አልጋው ጫፍ ላይ ተሳፍሬአለሁ።

«በስተቀኝ የምታዩት» አለች፣ «ካልታጠበ ብዙ ዘመን ያስቆጠረው የባለቤቴ ካልሲ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ቀለሙ ምን እንደነበረ እስካሁን አልተስማሙም።»

ልጆቹ አልጋው ላይ ተንከባለሉ። ባሏ ከመርፌው ቀና ሳይል፣ «ይቅርታ፣ አስጎብኚ» አላት፤ «እራት የሚባለው ታሪካዊ ስፍራ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

«ለጥገና ተዘግቷል፣ ጌታዬ።»

ሳቃቸው ደስ ይላል። ነገር ግን ያን ሰሞን የባሏ ዓይን መድከም ጀምሮ ነበር። ክር ማስገባት ሲያቅተው ትንሿ ልጁ ታስገባለታለች። ከስፌት መኪናው የሚገኘው ገቢ እየቀነሰ፣ ቤቱ በእሷ ደመወዝ ላይ እየተደገፈ መምጣቱን እኔም አይቻለሁ።

በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም የሚፈራው አንድ ሕግ አለ። መንገደኛ ጥሎ የሄደ አስጎብኚ ባጁን፣ ማለትም የሥራ ፈቃዱን፣ ያስረክባል። ባጅ የሌለው ደግሞ በከተማው ውስጥ የትም ጃንጥላ ማንሳት አይችልም። ከዚያ በፊት አንድ ባልደረባችን በዚሁ ምክንያት ባጁን አስረክቦ ወጥቷል፤ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነው።

እሷ ግን ሰው ጥላ አታውቅም ነበር። ሌሎቹ ቁጥር ሲቆጥሩ እሷ ከአውቶቡሱ በር አጠገብ ቆማ ፊት ታያለች። በልቧ ለእያንዳንዱ ቅጽል ስም ታወጣለታለች፤ ሲገቡ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አንዳንዴም እሰማታለሁ፦ «እንቅልፋሙ ገባ። ሳቂታዋ ገባች። ካሜራው ገባ። እርስ በርስ የተኳረፉት ባልና ሚስት ገቡ፤ ታርቀዋል፣ ተመስገን።» ጠዋት ጉብኝት ስትጀምር ደግሞ ለሁሉም የምትነግራቸው ነገር አለ።

«ከጠፋችሁ አትፈልጉኝ» ትላቸዋለች። «ሁለት ሰው ሲፈላለግ ይተላለፋል። መጀመሪያ ያገኛችሁት ወንበር ላይ ቁጭ በሉ። ንቅንቅ እንዳትሉ። የምመጣው እኔ ነኝ።»

የዚያን ቀን የመጡት ከአንዲት ሩቅ ትንሽ ከተማ የተሰባሰቡ ጡረተኞችና ዘመዶቻቸው ነበሩ። ከእነሱም መካከል ጆሮአቸው ትንሽ የሚከብዳቸው፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ያቀፉ እናት ነበሩ። እዚሁ ከተማችን የምትሠራ ልጃቸው ከአውቶቡሱ በር ድረስ አምጥታ የእናቷን እጅ በጃንጥላ እጅ ላይ አኖረች።

«ትልቅ ከተማ አይታ አታውቅም። ሥራ ስላለብኝ አልመጣም። እናቴን አደራ፣ እህቴ።»

«አደራሽ ደርሶኛል» አለች ጃንጥላ።

ያን ሳምንት መሥሪያ ቤታችን አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር። ለጎብኚው ሁሉ ቢጫ ባርኔጣ ይታደላል። ኃላፊያችን በጣም ነው የተደሰተበት። «ከሩቅ ይታያል፤ ቆጠራ ያቀልላችኋል» ብሎናል። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። መንገደኞቹ ሲወርዱ የሱፍ አበባ ማሳ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላል።

ጠዋት ድልድዩን አየን፤ ወንዙን አየን። ከዚያ ቤተ መንግሥቱ። እዚያ በር ላይ አውቶቡስ ማቆም ክልክል ነው፤ አውርደህ ትሄዳለህ፣ በቀጠሮው ሰዓት መጥተህ ታነሣለህ። ልወስዳቸው ስመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጃንጥላ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ቆመች፤ «እንቅልፋሙ ገባ» ማለት ጀምራ ነበር። ወዲያው ትራፊክ ፖሊሱ መጣ።

«ምን ትጠብቃለህ? ሂድ!» የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ደበደበው። «መንገዱ ተዘግቷል እኮ! ሠርግ ነው እንዴ? ሂድ!»

ከኋላዬ የተደረደረው መኪና ጡሩንባውን ነፋ። ሰዎቹ ተገፋፍተው በአንዴ ገቡ፤ ግማሹ ወደ አውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ጃንጥላ ፊታቸውን ማየት ሲያቅታት ከኋላ ሆና ባርኔጣውን ቆጠረች። ቁጥሩ ልክ መጣ።

«ሙሉ ነው ጋሼ፣ ሂድ» አለችኝ። ሄድን።

ቀጣዩ ከተማው ከላይ የሚታይበት ከፍተኛው ማማ ነበር። የማማው ቲኬት ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ካለፈ ይቃጠላል። ጃንጥላ ውኃ እያደለች በወንበሮቹ መካከል ስታልፍ በመስታወቴ አያታለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። በአደራ የተቀበለቻቸው እማማ ጠዋት የተቀመጡት እዚያ ነበር፤ ከባርኔጣው ሥር ያለው ፊት ግን የእሳቸው አይደለም። መነጽር ያደረጉ፣ ረዘም ያሉ ሌላ ሴት ናቸው።

«እርስዎ ማን ነዎት፣ እትዬ?»

«እኔ?» አሉ ሴትዮዋ፣ ውኃውን እየተቀበሉ። «ጃንጥላውን ተከተሉ ተብያለሁ፤ ተከተልኩ።»

«የማንን ጃንጥላ?»

«ጃንጥላ ነው እንጂ የማን እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ለመግባት ወረፋ ስንጠብቅ ፀሐዩ ሲያዞረኝ አንዲት ደግ እናት ባርኔጣዋን አውልቃ ሰጠችኝ። ስንወጣ ቢጫ ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ አውቶቡስ ሲገባ አብሬ ገባሁ።» ዙሪያቸውን አዩ። «ሰዉ ሁሉ ተለውጦብኝ እየገረመኝ ነበር። ከተማ አይደል ብዬ ዝም አልኩ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ነገሩ ሲገባው አፉን ያዘ። ሴትዮዋ የሌላ ድርጅት ጎብኚ ነበሩ። የእኛ እናት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቀርተዋል። ስልካቸው የልጃቸው ቁጥር ብቻ ያለበት፣ ጆሮአቸው የሚከብድ፣ ትልቅ ከተማ አይተው የማያውቁ እናት።

የጃንጥላ ፊት አመድ መሰለ። ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ አለች። ነገሩን ደብቆ ማለፍ የሚቻልበት መንገድ እንደነበረ እሷም እኔም እናውቃለን። እኛን ማማው ጋ አውርዳ፣ ታክሲ ይዛ ተመልሳ፣ «እማማ ደክሟቸው ቀሩ» ብላ ማምጣት ትችል ነበር። አልሞከረችውም። ማይክሮፎኑን አነሣች።

«ወገኖቼ፣ ሰው ጥያለሁ» አለች። «የጣልኩት እኔ ነኝ። ባርኔጣ ቆጥሬ ሰው ጣልኩ። አሁን ልንመለስ ነው። ማማው ይቀርባችኋል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ካሜራ ያንጠለጠለው ሰውዬ ብድግ አለ። «እኔ ከዚህ ከተማ ላየው የመጣሁት ማማውን ነው! ሌላው ቢቀር ባልከፋኝ!»

«እናትህ ብትሆንስ?» አለችው አንዲት ሴት ከኋላ።

«እናቴ ማማ አትወጣም፤ ጉልበቷን ያማታል።»

«አንተንስ ምላስህን አያምህም?»

«ተዪው እህቴ፣ ልክ ነው» አለች ጃንጥላ። «ማማውን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ብትቆጣ መብትህ ነው። ግን እንመለሳለን።»

ሰውዬው ተቀመጠ። እኔም መሪውን አዞርኩ።

ወደ ኃላፊያችን የደወለችው አጠገቤ ቆማ ነው። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ እስከ እኔ ይሰማል፦ ጉብኝቱን ቀጥይ፣ የማማው ቲኬት እንዳይቃጠል፣ ለሴትዮዋ መኪና እልካለሁ። «አይሆንም ጌታዬ» አለችው። «እየተመለስኩ ነው። ባጄን ማታ አመጣለሁ።» ስልኩን ዘጋችና እጇን ወንበሬ ላይ አሳረፈች።

«አይዞሽ» አልኳት። «እግዜር ያሉበትን ያውቃል።»

«እንደሚያውቅማ አውቃለሁ ጋሼ። እኔ ነኝ ያላወቅኩት።»

መንገዱ ሁሉ አንድ አቅጣጫ ነው፤ አዙሮ አዙሮ ነው የሚመልስህ። መብራት በመብራት ላይ ይበራል። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያን ጊዜ ቅጽል ስም እያወጣች አልነበረም። እኔም በልቤ ጸለይኩ። ባርኔጣ ያደረጉት ሴትዮ ባርኔጣውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኑረው ያለቅሳሉ፤ አንዱ ሽማግሌ መሐረብ ይሰጣቸዋል።

ቤተ መንግሥቱ ለምሳ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። የበሩ ጥበቃ ጃንጥላን ወለል ታሸት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያውቃታል። የግቢውን ትልቅ በር ከፍቶ አውቶቡሱን አስገባልኝ።

«ያንቺ ሰው ናቸው? ነይ፣ ነይ!» አላት። «ላይ ቤት ጉድ ፈልቷል።»

ሞተሩን አጥፍቼ ተከተልኳት። ደረጃውን ስትወጣ የሮጠችውን ሩጫ አልረሳውም፤ በዚያ በሰም በሚያንሸራትተው ወለል ላይ አንዴም አልተደናቀፈችም። ከአንድ ሰፊ ክፍል የሰው ድምፅ ይሰማል። ገባን።

እማማ በቀይ ገመድ ከተከለለው ቦታ ውስጥ፣ የጥንቷ ንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከወንበሩ ከፍታ የተነሣ እግራቸው ወለሉን አይነካም። ቦርሳቸውን አቅፈዋል። ሁለት ጥበቃዎችና የሙዚየሙ ኃላፊ ከፊታቸው ቆመው፣ የሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። እሳቸውን የሚያህሉ እናት በእጅ ጎትቶ የሚያነሣ ማን ነው?

«እማማ፣ ይነሡ እንጂ» ይላል አንዱ ጥበቃ፤ ላብ በላብ ሆኗል። «ይሄ የንግሥቲቱ ወንበር ነው።»

«ልጄ፣ ንግሥቲቱ ስትመጣ እነሣላታለሁ።»

«ንግሥቲቱ እኮ ከሞተች ቆይታለች!»

«ነፍስ ይማር» አሉ እማማ ከልባቸው። «እንግዲያ ማን ይቆጣኛል?»

«ሌላ ወንበር እንስጥዎት፤ ውጭ ጥላ አለ…»

«አልነሣም። ባለ ጃንጥላዋ ልጄ መጀመሪያ ያገኛችሁት ወንበር ላይ ተቀመጡ ብላለች። ያገኘሁት ይሄን ነው። ንቅንቅ አትበሉ ብላለች። ትመጣለች።»

ጃንጥላ ገመዱን አልፋ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ወለሉን ድሮ ስታሸት እንደነበረችው በሁለት ጉልበቷ።

«መጣሽ?» አሉ እማማ። «ቆየሽ እኮ።»

«ጥዬዎት ሄጄ ነበር፣ እማዬ። ባርኔጣ ስቆጥር ፊትዎን አላየሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

ጆሮአቸው ስለሚከብድ ጎንበስ አሉላት። ደግማ ነገረቻቸው። ማሳጠር ትችል ነበር፤ ሁለተኛውንም ጊዜ ሙሉውን ነው የነገረቻቸው። እማማ ጉንጯን ዳበስ አደረጉ።

«ታዲያ መጥተሽ የለ? በይ ያዢኝ፤ ጉልበቴ ተሳስሯል።»

ግራና ቀኝ ይዘን አነሣናቸው። የሙዚየሙ ኃላፊ ግንባሩን አኮማትሮ፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ እደውላለሁ አለ። «ይደውሉ፣ ልክ ነው» አለችው ጃንጥላ። «እሳቸው ያደረጉት እኔ ያልኳቸውን ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ይንገሯቸው።» ኃላፊው ምን ሊል እንደነበረ አላውቅም፤ ዞሮ ወንበሩን ቃኘና ምንም እንዳልሆነ ሲያይ አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ባርኔጣ የተሰጣቸው ሴትዮም ግቢው ውስጥ እየዞረ ከሚጣራው አስጎብኚያቸው ጋር ተገናኙ። ከእማማ ጋር ተቃቅፈው ሲሳሳሙ የአርባ ዓመት ጎረቤቶች ይመስሉ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ እልልታው ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። ካሜራ ያዡ ሰውዬ የፊት ወንበሩን ለቀቀላቸው። እንዲያ ሆኖም ማጉረምረሙን አልተወም።

«ማማውስ በየፖስታ ካርዱ አለ» አለ። «ንግሥት ወንበር ላይ ሳሉ ግን አንድ ፎቶ እንኳ ባነሣዎት ምን ነበረበት?»

«ተመልሼ ልቀመጥልህ?» አሉት እማማ።

ማታ እናትን ለልጃቸው አስረክበን፣ አብረን ወደ ቢሮ ወጣን። የኃላፊያችን ክፍል ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ላይ የከተማው ካርታ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የተረፉ ቢጫ ባርኔጣዎች ተከምረዋል። ጃንጥላ ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ከባርኔጣዎቹ አጠገብ አስቀመጠች። የሆነውን ሁሉ ራሷ ተረከች። ስለ ትራፊክ ፖሊሱ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔ ልናገር ስል በዓይኗ አስቆመችኝ።

«መኪና እልካለሁ ብዬሽ ነበር» አላት ኃላፊው። «የማማውም ቲኬት አይቃጠልም ነበር። ለምን አልሰማሽኝም?»

«መኪናውን ይልኩ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን እሳቸው ይጠብቁ የነበሩት መኪና አይደለም። የምመጣው እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ። ሌላ ሰው ቢመጣ አይነሡም ነበር፤ ደግሞም ልክ ናቸው።»

ኃላፊው ድሮ ራሱ አስጎብኚ ነበር ይባላል። ባጁን በእጁ ገለባበጠው። በግድግዳው ማዶ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ስትጎትት ይሰማል። እኔ የባሏን ዓይን፣ ክር የምታስገባውን ትንሿን ልጅ እያሰብኩ ቆሜአለሁ።

«ሕጉ ይታወቃል» አለ በመጨረሻ። «ሕጉ የሚለው ጥሎ የሄደ ነው። ጥሎ ስለተመለሰ አይናገርም። እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመንማ።» ባጁን መሳቢያው ውስጥ ከተተ። «እስከሚቀጥለው ሳምንት እዚህ ይቆያል። ከዚያ ትወስጂዋለሽ። የሳምንቱ ደመወዝ የለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ደረጃውን ስንወርድ እኔ ነኝ የተናደድኩት። ተመልሳ ሄዳ፣ እውነቱን ተናግራ፣ ምን የሚያስቀጣ አለ እያልኩ ተነጫነጭኩ።

«ባይቀጣኝ ኖሮ ቅር ይለኝ ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ። «ሰው መጣል በነፃ ከሆነ ምኑን ሥራ ሆነው? ይልቅ ደስ ይበልህ። ነገ ልጆቼን ራሴ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ።»

ያን ሳምንት በእሷ ቦታ የተቀዳ ድምፅ ተሰጠኝ። ድምፁ ያማረ ነው፤ አንድ ቃል አይሳሳትም። ችግሩ መንገድ መዘጋጋቱን አያውቅም። ዓሣ ገበያው አጠገብ ቆመን አፍንጫችንን ይዘን ሳለ፣ «አሁን የምታዩት የነገሥታቱ የአበባ አትክልት ነው» ይለናል። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ፤ እኔ ግን በመስታወቴ የሚንቀሳቀስ ከንፈር ስፈልግ እውል ነበር። በእረፍት ሰዓቴ ይዤ የምዞረውን መጽሐፍ እከፍታለሁ፤ ገጹን አልገለብጠውም።

በሳምንቱ ጠዋት መጣች። ያ በሽቦ የታሰረ ጃንጥላዋ በእጇ፣ ባጇ በአንገቷ ላይ። ባሏ ኮቷን አጥብቦ ሰፍቶላታል፤ «የስፌቱን ሂሳብ የከፈለው የእሱ ዓይን ነው» ብላ ቀለደች፤ ሐኪም መነጽር እንዳዘዘለትም ነገረችኝ። እግዚአብሔርን አመሰገንን። ከዚያ እንደ ወትሮው ወጣን።

ቤተ መንግሥቱ በር ላይ መንገደኞቹን ልናነሣ ስንቆም ያው ትራፊክ ፖሊስ ብቅ አለ። ፊሽካውን ነፋ፤ አውቶቡሱን ደበደበ። መኪናው ከኋላ ተደረደረ። ጃንጥላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰዎቹን አንድ በአንድ ነው የምታስገባው፤ ባርኔጣቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ታደርጋለች፤ ዓይን ለዓይን ሳትተያይ ማንንም አታሳልፍም።

«አንቺ ሴትዮ! ምን እያየሽ ነው?» አላት ፖሊሱ።

«ሰው እያየሁ ነው፣ ወንድሜ» አለችው ሳትቆጣ። «ትንሽ ታገሠኝ።»

ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። የኋለኛው መኪና ጡሩንባ ነፋ፤ ፖሊሱ ዞሮ ነጂውን ዝም እንዲል በእጁ አመለከተው። የመጨረሻዋ ሴትዮ ገቡ። ጃንጥላ ወደ ውስጥ ገባችና በሩን ይዛ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ያሉትን እንደገና በልቧ በየቅጽል ስማቸው ጠራቻቸው። እኔ እጄን መሪው ላይ አድርጌ «ሂድ» እስክትለኝ ጠበቅሁ።